አራተኛው መስፈርት

ያለፈውን ሳምንት መጽሔት ጎረቤት ተውሶ ላልመለሰለት አንባቢ ታሪኩን ባጭሩ ልድገምለት፤ በእጁ ያለው ደግሞ ለአንድ አንቀጽ ይታገሠኝ። አንዲት የዳኛ ልጅ ለሦስተኛ ዲግሪዋ ጥናት ትሠራለች። የምታጠናው አልጋ የያዘ ወላጅ ሲያስታምሙ ትዳር ሳይይዙ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችን ነው። ሰባት ሰው መረጠች። ሰባተኛው እናቱን የሚያስታምም የስፌት መኪና መካኒክ ሆነ፤ ትምህርቱን ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጠ፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል፣ ለአንዲት ጥያቄ ሁለቴ አስቦ የሚመልስ ሰው። አጥኚዋ ልትጠይቀው ሄደች፤ ደግማ ሄደች፤ ከዚያም መሄዱን አልተወችም። ባለፈው ሳምንት ስንለያቸው አንድ የስፌት መኪና መሐላቸው አድርገው ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር። “ሳይሳሳሙ እንዴት ክፍሉ ያልቃል?” ብለው የጻፉልኝ አንባቢዎች አሉ። እኔ ምን ላድርግ፤ አልተሳሳሙም።

ማክሰኞ ጧት አጥኚዋ የአማካሪዋን ቢሮ አንኳኩታ ገባችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። አማካሪዋ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራቸው ፕሮፌሰር ናቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው “መነጽሬን ያየ አለ?” የሚሉ ዓይነት። ተማሪዎቻቸው በሌሉበት “ቀይ እስክሪብቶ” ይሏቸዋል። በሌሉበት የሚለው ይሰመርበት።

“ሰባተኛውን ተሳታፊ ከናሙናው ላወጣው ነው” አለች አጥኚዋ ሳትቀመጥ።

“ሞተ እንዴ?”

“አልሞተም።”

“ሐሳቡን ቀየረ?”

“እሱ ምንም አልቀየረም።”

ቀይ እስክሪብቶ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና የመስክ መዝገቧን ወደ ራሳቸው ሳቡት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ተሳታፊዎቹ በቁጥር ተደርድረዋል። ደንቡ ስም መጻፍ ስለማይፈቅድ ስም የለም። በየቁጥሩ ትይዩ አጥኚዋ ስንት ጊዜ እንደሄደች ተመዝግቧል። አንድ፣ ሦስት ጊዜ። ሁለት፣ ሁለት ጊዜ። ሦስት፣ ሦስት ጊዜ። እንዲህ እያለ ይወርድና ሰባት ላይ ሲደርስ አሥራ አንድ ይላል።

“ሌሎቹ በሦስተኛው ቀን አዲስ ነገር መናገር አቆሙ፤ አንቺም መረጃው ሞላ ብለሽ ተመለስሽ። ይሄ ሰውዬ ግን የማይሞላው ምን ሆኖ ነው?”

“በአራተኛው ቀን ሞልቶ ነበር።”

“ታዲያ የቀረውን ሰባት ቀን ምን ልትሠሪ ሄድሽ?”

አጥኚዋ ከቦርሳዋ የመጨረሻውን ቃለ መጠይቅ ግልባጭ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ገጹ መሐል ላይ በቅንፍ “አሥራ ሰባት ደቂቃ ዝምታ” የሚል አለ። ከዚያ በላይ ጥያቄ የለም፤ ከዚያ በታችም የለም።

“ጠይቀሽው ዝም አለ?”

“አልጠየቅኩትም። እሱ የጠገነውን መኪና ይሞክራል፣ እኔ አየዋለሁ። መቅረጫው እንደበራ የታወቀኝ ቤቴ ገብቼ ስሰማው ነው።” ግልባጩን በጣቷ አቃናችና “ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ምንም የለበትም። የመኪና ድምፅ ብቻ ነው። ግን ሦስት ጊዜ ሰማሁት” አለች።

ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን መልሰው ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። ከዚህ በላይ ሊነገራቸው አያስፈልግም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቻቸውን አንድ ነገር ሲያስተምሩ ኖረዋል፦ በዓይነታዊ ጥናት ሰው የሚመረጠው በዕጣ አይደለም። ዓላማ ተኮር ናሙና ማለት አጥኚው የሚፈልገውን ነገር ኖሮ የሚያውቀውን ሰው አስቦ፣ ለይቶ፣ ምክንያቱን ጽፎ ሲመርጥ ነው። ምክንያቱ የተጻፈው መርጦ በመውደድና መርጦ በማጥናት መሐል አጥር እንዲሆን ነበር። አሁን አጥሩ ላይ የቆመችው ምርጥ ተማሪያቸው ናት።

“እስቲ አብረን እናስብ” አሉ። “ስድስቱ የነገሩሽ አንድ ነገር ነው፤ ዕድሜያችን ተበላ ነው የሚሉት። ማንም አልበላኝም፣ እኔ ነኝ የመረጥኩት ያለሽ ይሄ ብቻ ነው። እሱን ለማግኘት ስምንት ወር ፈጅቶብሻል። እሱ ከወጣ አምስተኛው ምዕራፍ አብሮት ይወጣል።”

“አውቃለሁ።”

“ዘንድሮ አትመረቂም።”

“አውቃለሁ።”

“አባትሽ ለምረቃሽ እንግዳ መጥራት ጀምረዋል ሲባል ሰምቻለሁ።”

“አባቴን እኔ አናግረዋለሁ።”

ዳኛው ልጃቸው በአንድ መካኒክ የተነሳ አንድ ዓመት እንደምትጥል ሲሰሙ የሚሉትን ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም። አጥኚዋ ይህንንም አውቃ ነው የመጣችው። ቀይ እስክሪብቶ ከመሳቢያቸው አንድ የታተመ ቅጽ አወጡ። ከናሙና ለሚወጣ ተሳታፊ የሚላክ ደብዳቤ ነው። የሚላከው በጽሕፈት ቤቱ በኩል ነው፤ ተሳታፊው መልስ እስኪሰጥ ድረስ አጥኚው በአካል መሄድም ሆነ መደወል አይችልም። ሰውየው ማንም ሳይጫነው እንዲያስብ የወጣ ደንብ ነው። ባዶ የተተወው ሦስት ቦታ ብቻ ነው፦ የተሳታፊው ቁጥር፣ ቀን፣ እና ያላሟላው መስፈርት።

በሦስተኛው ባዶ ቦታ ላይ “4” ብላ ጻፈች።

መስፈርቶቹን ያወጣቻቸው ራሷ ናት። አራተኛው ተሳታፊው ከአጥኚዋ ጋር የዝምድና፣ የጥቅም ወይም የፍቅር ትስስር የሌለው መሆን አለበት ይላል። የመስፈርቶቹ ዝርዝር በእጁ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን አንብባለት ግልባጩን ሰጥታዋለች። ስለዚህ ቁጥሩን ሲያይ ሁሉ ነገር ይገባዋል ብላ አሰበች። በሠላሳ ሦስት ዓመቷ የመጀመሪያውን የፍቅር ደብዳቤዋን በአንድ አኃዝ ጽፋ ፖስታውን አሸገች። ሰው ብዙ ሲማር እንዲህ ይሆናል።

*

የመካኒኩ ቤት ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው ሥራ ቤቱ፣ የኋለኛው የእናቱ መኝታ። በመሐሉ በር አለ፤ ግን አልጋውን አላስገባ ብሎ የበሩ መዝጊያ ከተነቀለ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ሥራ ቤቱ የማሽን ዘይት ይሸታል። ግድግዳው ላይ ቺንጋዎች ተንጠልጥለዋል፤ መርፌዎች እንደ ቁጥራቸው በየቆርቆሮው ተለይተዋል። ሰፊ ጠረጴዛ አለው፤ በጠረጴዛው ላይ ወፍራም መስታወት፣ በመስታወቱ ሥር ደግሞ አጥኚዋ በመጀመሪያው ቀን የሰጠችው፣ መስፈርቶቹ የተዘረዘሩበት የስምምነት ቅጽ።

ቅጹን እዚያ ያኖረው ለሥራ ብሎ አይደለም። ራስጌው ላይ ስልክ ቁጥሯን በእጇ ጽፋበታለች። የእጅ ጽሑፏ ዘይት እንዳይነካው ብሎ መስታወቱን አንሥቶ አስገባውና መልሶ ደፈነው። ከዚያ በኋላ መስታወቱ ላይ የብሎን ቆርቆሮ፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ ቀጥሎም አንድ ከባድ የመኪና ራስ ተቀመጠበት። ወረቀቱ ስድስት ወር ሙሉ ፊቱን እንጂ ጀርባውን አላሳየም። የመጀመሪያው ቀን ስታነብለት ደግሞ መካኒኩ ለደንበኛ የቸኮለ መኪና እያስጮኸ ነበር። በእሷ ቅጂ ላይ ፈርም ያለችው ቦታ ሳያነብ ፈረመ። የሰው መኪና ፈትቶ መገጣጠም የሚችል ሰው ሁሉ ወረቀት ገልብጦ ያነባል ማለት አይደለም።

ደብዳቤው ዓርብ ደረሰው። ቆሞ አነበበው።

“ለተሳታፊ ቁጥር 7። በጥናቱ ስለተሳተፉ እናመሰግናለን። በመስፈርት ቁጥር 4 መሠረት ከናሙናው የወጡ መሆኑን እንገልጻለን። የተቀረጸው ድምፅዎ እንዲደመሰስ ወይም እንዲመለስልዎ የሚፈልጉ ከሆነ ከታች ምልክት አድርገው ይላኩልን።”

መጀመሪያ ቅር ያሰኘው “እርስዎ” መባሉ ነው። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ አንተ ትለው ነበር። ቀጥሎ ወደ መስታወቱ ጎንበስ ብሎ መስፈርቶቹን ቆጠረ። አንድ፣ ዕድሜው ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ የሆነ። አርባ አንድ ዓመቱ ነው። ሁለት፣ ጋብቻ ያልፈጸመ። አልፈጸመም። ሦስት፣ አልጋ የያዘ ወላጁን ከአምስት ዓመት በላይ ብቻውን የሚያስታምም። ይኸው ዘጠኝ ዓመቱ። ወረቀቱ እዚህ ላይ ያልቃል። አራተኛ የሚባል የለም።

“ለኔ ሲሉ ፈጥረውታል” አለ በልቡ።

ለምን እንደተፈጠረም የሚያውቅ መሰለው። ከስምንት ዓመት በፊት እጮኛ ነበረችው። እናቱ አልጋ ላይ በዋለች በዓመቷ እጮኛው “እናትህን አክስትህ ጋ አስገባትና እንጋባ” አለችው። አልችልም ብሎ ራሱ ቀለበቱን መለሰላት። ለእናቱ ግን “ጥላኝ ሄደች” አላት፤ በኔ ምክንያት ቀረበት ብላ እንዳትጸጸት ፈርቶ። ወሬው ከእናቱ ወደ ሠፈር ወጣ። ሠፈሩ ልጅቷን ስምንት ዓመት ሙሉ ከዳተኛ እያለ ሲያማ መካኒኩ አንድም ቀን አላስተባበለም። ይህን በዘጠነኛው ቀን ለአጥኚዋ ነገራት። ለማንም ነግሮት አያውቅም። ስትሰማው አንገቷን ደፍታ ነበር፤ ያኔ ያዘነችለት መስሎት ነበር።

አሁን ሌላ መሰለው። የዳኛ ልጅ አይደለች? ፈርዳበታለች። የንጹሕ ሰው ስም ሲጠፋ ዝም ያለ ሰው ለጥናትም አይሆንም ብላ አራተኛ መስፈርት አውጥታለታለች። ቅስሙ ተሰበረ። እስክሪብቶ አነሣና “ይደምሰስ” የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ወረቀቱን መልሶ ፖስታው ውስጥ ከተተው፤ ሰኞ ራሱ ሊያደርሰው።

*

“ጠያቂዬ ዛሬም አልመጣችም?” አለች እናቱ ሰኞ ጧት፣ በጎኗ ሲያስተኛት።

ጠያቂዬ የምትላት አጥኚዋን ነው። በሽተኛ የሚጠይቁ ሰዎች ከቀሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ የምትጠይቅ ሴት ስትመጣ ለእኔ ነው ብላ ወሰደችው። አጥኚዋም አላረመቻትም። በመጣች ቁጥር መጀመሪያ አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ትልና “እማማ ዛሬስ እንዴት ነዎት?” ትላታለች።

“ከእንግዲህ አትመጣም እማ። ከጥናቱ አስወጡኝ።”

“ለምን?”

“አልሆንክም አሉኝ።”

“ለምኑ ነው የማትሆነው? በሽተኛ አስታሚ ነበር የፈለጉት፤ እኔ ድኛለሁ እንዴ?”

“አይ።”

“አግብተሃል ሳልሰማ?”

“እማ ተይኝ። አራተኛ መስፈርት ነው አሉ። አራተኛ የለም፤ ሦስት ነው። እኔን ለማስወጣት የፈጠሩት ነው።”

እናትየው በጣቷ ቆጠረች። ከዚያ “አራት ነው” አለች።

“ምኑ?”

“መስፈርቱ። መጀመሪያ የመጣች ቀን ስታነብልህ እሰማ ነበር። አንተ መኪናህን ታንደቀድቃለህ፣ እሷ ምስኪን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች። ሦስቱን አነበበችና ወረቀቱ ተገለበጠ። መኪናህ ለአፍታ ሲያርፍ ሲገለበጥ ሰምቻለሁ። ከዚያ አራተኛውን አነበበች፤ እሱን መኪናህ አላሰማኝም።”

መካኒኩ የትራሱን ጫፍ እንደያዘ ቀረ። ሰኞ ጧት በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት ነገር ገባው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል።

“ሁሉን ትሰሚ ነበር?”

“መዝጊያ የሌለው በር ነው ልጄ። እኔም ጀርባዬ እንጂ ጆሮዬ አልታመመ።”

“ዘጠነኛውን ቀንም?”

“ቀኑን አልቆጠርኩም። ያቺን ልጅ ራስህ እንደመለስካት የነገርካትን ቀን ከሆነ፣ አዎ።”

ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳደረገች ነው የምታወራው፤ ፊቷን ማየት አልቻለም። እውነቱን ለመናገር ማየትም አልፈለገም።

“ጥላኝ ሄደች ስትለኝ አላመንኩህም” አለች። “እኔ ነኝ ያስቀረሁበት፣ ለኔ ብሎ ነው የሚዋሸኝ እያልኩ ስምንት ዓመት ይሄን ጣራ ሳይ ኖርኩ። ለጠያቂዬ ስትነግራት ግን ሰማሁህ። ተገድጄ አይደለም፣ እኔ ነኝ የመረጥኩት አልካት። ያን ቀን እንዴት ያለ እንቅልፍ ወሰደኝ መሰለህ። ለራት እንኳ ብቀሰቅስሽ አልነቃሽም አላልከኝም?”

መካኒኩ አስታወሰ። ታማ ነው ብሎ ሐኪም ሊጠራ ነበር።

“በል አሁን መስታወቱን አንሣ።”

የመኪናውን ራስ ታቅፎ መሬት ላይ አስቀመጠ። የብሎኑን ቆርቆሮ፣ ፒንሳውን፣ ካቻቪቴዎቹን አነሣ። መስታወቱን ሲያነሣ ወረቀቱ ተጣብቆ አብሮት ተነሣ፤ ጠርዙን በጥፍሩ እያላቀቀ ቀስ ብሎ ላጠው። ገለበጠው። በጀርባው ላይ አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ከሥሩ ደግሞ የፊርማ ቦታ። አነበበው። ደግሞ አነበበው።

“ጮክ በል” አለች እናቱ ከውስጥ።

“ከአጥኚዋ ጋር የዝምድና፣ የጥቅም ወይም የፍቅር ትስስር የሌለው።”

“ዘመዷ ነህ?”

“አይደለሁም።”

“ትጠቀምባታለህ?”

“ኧረ እማ።”

“እንግዲህ የቀረውን አንተው ቁጠር። አንድ ቀን ሁለታችሁም ጸጥ አላችሁ፤ መኪናው ብቻ ነው የሚሰማው። ምን ነካቸው ብዬ ልጣራ አልኩና አፌን ያዝኩ። የዚያን ቀን እኔ ቆጥሬ ጨርሻለሁ።”

መካኒኩ ቁጭ አለ። አርባ አንድ ዓመቱ ነው፤ መስመሩን ግን ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ በጣቱ እየተከተለ ደግሞ አነበበው። ተወርውሬ ወጣሁ ብሎ ሦስት ቀን ያዘነበት ደብዳቤ ሌላ ደብዳቤ ሆኖበታል። ሰው እንዲህ ባለ ቋንቋ እወድሃለሁ እንደሚል ማን ነግሮት?

“ሂድ እንጂ” አለች እናቱ።

“ማን ይጠብቅሻል?”

“አልጋው። የት እሄድብሃለሁ?”

ከጎን ያለችውን ልብስ ሰፊ ለአንድ ሰዓት ከእናቱ ጋር እንድትቀመጥለት ለመነና ወጣ። እጁን መታጠቡን ረሳው።

*

አጥኚዋ ስድስት ቀን ጠብቃለች። በየቀኑ ጽሕፈት ቤቱ ድረስ ወርዳ “መልስ መጣ?” ትላለች፤ ጸሐፊዋ አንገቷን ትነቀንቃለች። በሦስተኛው ቀን ተሰድቤያለሁ ብሎ ተቆጥቷል አለች። በአራተኛው ቀን ደግሞ ገብቶት ነው፣ ገብቶት ነው መልስ የነሳኝ አለች። ይህኛው የባሰ ነበር። ዓርብ ማታ አባቷን አናግራለች። ዳኛው ሰምተው ሲጨርሱ “አልገባኝም” ብቻ አሉ፤ አሁንም አላናገሯትም። ሰኞ ቀትር ላይ አራት ተማሪዎች በሚጋሩት ክፍል ብቻዋን ተቀምጣ የስድስቱን ተሳታፊዎች ወረቀት በየማኅደሩ ትከታለች። ሌሎቹ ለምሳ ወጥተዋል።

በሩ ተንኳኳ። በሩ ላይ ጎንበስ ያለ ሰው ነበር።

ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት። ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አልመዘገብኩም፤ አሥራ ሰባት ደቂቃ ግን አይሆንም።

ወረቀቱን ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ። የዘይት ጣት ጫፉ ላይ ታትሞበታል።

“አራተኛው ይሄ ነው?”

“እሱ ነው።”

“እኔ እስከ ዛሬ ጧት አላየሁትም። መስታወት ሥር ነበር።”

አጥኚዋ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ለካ ስድስት ቀን የተንገላታችው ባልተገለበጠ ወረቀት ምክንያት ኖሯል። ልትስቅ ነበር፤ የመካኒኩን ፊት አይታ ተወችው።

“ምን መስሎህ ነበር?” አለች።

“ፈርደሽብኝ። በዚያች ልጅ ነገር።”

“እኔ?”

“አንገትሽን ደፍተሽ ነበር ስነግርሽ።”

“እንባዬን እንዳታየው ነው የደፋሁት። አጥኚ አያለቅስም።”

መካኒኩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በደረት ኪሱ ያለውን ፖስታ አወጣና ከወረቀቱ አጠገብ አኖረው። “ይደምሰስ ብዬ ምልክት አድርጌ ነበር” አለ። “ለምን በአፍሽ አልነገርሽኝም?”

“ፊት ለፊት ብነግርህ እምቢ ማለት ይከብድህ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ስጠይቅህ መልሰህልኛል። ለኔ መመለስ ልማድ ሆኖብሃል። እኔ በሌለሁበት እንድትመልስ ፈለግሁ።”

“አንቺን ግን ማን ጠየቀሽ?”

“ማንም።”

“እንግዲያው እኔ ልጠይቅሻ።” ጉሮሮውን ጠረገ። በየቃለ መጠይቁ መጀመሪያ እሷ የምትለውን በቃሉ ይዞታል፤ ሳይስቅ አለው። “መመለስ የማትፈልጊውን አለመመለስ ትችያለሽ። በፈለግሽ ሰዓት ማቋረጥ ትችያለሽ።”

“እሺ” አለች።

“አራተኛውን የወደቅኩት መቼ ነው?”

ሁለቴ አሰበች፤ ይህን ከእሱ ነው የተማረችው። “በአምስተኛው ቀን። አንድ ነገር እየነገርከኝ እማማን የምታገላብጥበት ሰዓት ደረሰ። በዓረፍተ ነገሩ መሐል ተነሥተህ ሄድክ። ስትጨርስ እጅህን ታጥበህ መጥተህ ተቀመጥክና ካቆምክበት ቃል ቀጠልክ። የቱ ጋ ነበርኩ እንኳ አላልከኝም። እኔ እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም። የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ አንዱን ሲይዙ አንዱን ይረሳሉ።”

“ዘንድሮ አትመረቂም ማለት ነው?”

“አልመረቅም።”

“በኔ ቦታ ሌላ ሰው ታገኛለሽ?”

“ለጥናቱ እፈልጋለሁ። ዓመትም ቢፈጅ።”

መካኒኩ ወረቀቱን አነሣ። ወደ ፊት ገለበጠው፤ ከዚህ በኋላ በሕይወቱ ሙሉ ወረቀት ገልባጭ ሆኖ እንደሚቀር እገምታለሁ። በጣቱ እየወረደ ሁለተኛው መስመር ላይ ቆመ።

“ሁለተኛውንም መውደቅ ብፈልግስ?” አለ።

አጥኚዋ ጎንበስ ብላ አየችው። ጋብቻ ያልፈጸመ። ራሷ የጻፈችውን መስመር እንደ አዲስ አነበበችው። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ቦታውን ለቆ ሲነሣ ተሰማት፤ ደስታ ነበር፤ ደስታ እንዲህ የሚያስፈራ መሆኑን እስከዚያ ቀን አላወቀችም። ልትመልስ አፏን ስትከፍት መካኒኩ እጁን አነሣ።

“ቆይ፣ አልጨረስኩም። ሦስተኛውን አልወድቅም። ይሄን አሁኑኑ እወቂው። አንድ ጊዜ ተጠይቄ እምቢ ብያለሁ፤ አሁንም እምቢ ነው የምለው። አንቺን ባጣም እምቢ ነው። ይሄን ስልሽ አንጀቴ እያረረ ነው፤ ግን እላለሁ።”

አጥኚዋ ወረቀቱን ከእጁ ወሰደች። ሦስተኛውን መስመር ለረጅም ጊዜ አየችው። አልጋ የያዘ ወላጁን ከአምስት ዓመት በላይ ብቻውን የሚያስታምም። ስምንት ወር ይህን መስመር ይዛ ሰው ፈልጋለች። ሰባት ቤት ገብታለች። ከሰባቱም ቤት ወጥታ ማስታወሻ ጽፋለች፤ አንዱም ቤት ውስጥ ትራስ አንሥታ አታውቅም።

“ሦስተኛውን እንድትወድቅ የጠየቀህ የለም” አለች። “አንዲት ቃል ብቻ ነው የማወጣው።”

እስክሪብቶዋን አነሣችና “ብቻውን” የሚለውን ሰረዘችው። አንዴ፣ በቀጭኑ፣ ሥርዓት ያለው አጥኚ እንደሚሰርዘው፤ ከሥሩ ያለው ቃል እንዲነበብ አድርጋ።

መካኒኩ የተሰረዘውን ቃል አየ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ጎበዝ ብሎታል፣ ምስኪን ብሎታል፣ ከንፈር መጥጦለታል። ያቺን ቃል ላንሣልህ ያለው አልነበረም። ዘይት በነካው እጁ ፊቱን ሸፈነና አለቀሰ፤ ድምፅ ሳያሰማ፣ ለብዙ ጊዜ። አጥኚዋም መዝገቧን አልገለጠችም። ወንበሯን አጠገቡ አድርጋ ትከሻው ላይ እጇን አኖረች፤ አጥኚ ያልሆነ ሰው እንደሚያደርገው አብራው አለቀሰች።

ቀና ሲል ግንባሩ ላይ ዘይት ተቀብቷል። የግድግዳውን ሰዓት አየ።

“እማን የማገላብጥበት ሰዓት ደርሷል” አለ።

“አሳየኝ” አለች። “እንዴት እንደሚያዝ አላውቅበትም።”

መቅረጫዋን ጠረጴዛው ላይ ትታ ተከተለችው።